ዲጂታል አኮርዲዮን ወይስ ሚዲ የተገጠመለት አኮስቲክ፦ የውጪ ድምጽ ለማጫወት የቱን ልግዛ ለምትሉ

ዲጂታል አኮርዲዮን ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ውስጡ ስንት ድምጽ አለው?" ነው። በራሱ ድምጽ ለሚጫወት ሰው ጥያቄው ልክ ነው። ሐሳባችሁ ግን አኮርዲዮኑን በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት ዘዴ) ከሞጁል (ቁልፍ ከሌለው የድምጽ ሳጥን)፣ ከኪቦርድ ወይ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ የነሱን ድምጽ ማጫወት ከሆነ የድምጹ ብዛት ምንም አይሠራላችሁም፣ ምክንያቱም በኬብሉ የሚሄደው ድምጽ አይደለም፣ የቱ ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል ተመታ፣ ወናፉ በምን ጉልበት እየተሳበ ነው የሚል መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ የማወዳድረው በዋናነት በወናፉ ነው። ቁልፍ ያለው የሚዲ መሣሪያማ ሞልቷል እኮ፣ ለቁልፍ ብሎ ይሄን ሁሉ ክብደት ደረቱ ላይ የሚሸከም ሰው የለም።

ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ሙሉ ዲጂታል የሆነው ነው፣ ሮላንድ ከ2004 ጀምሮ ያወጣቸው ቪ-አኮርዲዮኖች አይነት፣ ውስጡ ሪድ የሚባል ነገር (በአየር እየተንቀጠቀጠ ድምጽ የሚያወጣው ቀጭን ብረት) የለም፣ ወናፉ አየር ይስባል ይገፋል፣ ሴንሰር ደግሞ ግፊቱን ያነባል። ሁለተኛው እውነተኛ አኮስቲክ አኮርዲዮን ሆኖ ከቁልፎቹና በግራ እጅ ከሚጫኑት የባስ በተኖች ስር ሴንሰር የተገጠመለት ነው፣ ይሄን ሲስተም ከሚሠሩት ውስጥ የኦስትሪያው ሊሜክስ በደንብ ይታወቃል፣ ያላችሁን አኮርዲዮን ወስዳችሁ ማስገጠምም ይቻላል።

አኮስቲኩ ላይ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚነቃበት ነገር አለ። ወናፉን ስትስቡ ሪዶቹም ይጮሃሉ። ማለትም ስትሪንግ እያጫወታችሁ ድምጹን በወናፍ ከፍ ዝቅ ላድርግ ካላችሁ የአኮርዲዮኑ የራሱ ድምጽ አብሮ ይወጣል፣ ሪዶቹን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ማብሪያ ከሌለው በስተቀር። ወናፉን ሳታንቀሳቅሱ ቁልፉን ብቻ ብትነኩ የውጪው ድምጽ ለብቻው እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ያኔ ድምጹ አንድ ወጥ ይሆናል፣ ደረታችሁ ላይ የታሰረ ኪቦርድ ሆነ በቃ። ሁለቱ ድምጽ ተደርቦ እንዲወጣ የሚፈልጉ ተጫዋቾች አሉ፣ ለነሱ አኮስቲኩን የሚያክል የለም። ሌሊት ሄድፎን አድርጎ መለማመድ ለሚፈልግ ግን ዲጂታሉ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክርም የለው። ሌላው፣ የተገጠመላቸው አኮስቲኮች ሁሉም ቬሎሲቲ (ቁልፉ የተመታበትን ኃይል) አይልኩም፣ አንዳንዱ ተነካ ወይ አልተነካም ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን በግልጽ ጠይቁ።

ከዲጂታሎቹ ውስጥ በሮላንድ ሞዴሎች ብንሄድ ኤፍአር-8ኤክስ 41 ቁልፍና 120 ባስ፣ ኤፍአር-4ኤክስ 37 ቁልፍና 120 ባስ፣ ኤፍአር-1ኤክስ ደግሞ 26 ቁልፍና 72 ባስ ነው። ለውጪ መሣሪያ ከሆነ የባሱ ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቅም፣ በተለመደው አሠራር ባሱ ዞሮ ዞሮ 12 ኖት ነው፣ የቀረው ድግግሞሽ ነው። ቀኝ እጁ ላይ ግን 26 ቁልፍ ፒያኖ ለማጫወት በጣም ይጠባል፣ ኦክታቭ እየቀየሩ መሄድ ይቻላል ግን ያሰለቻል። 8ኤክሱ የወናፉን መክበድና መቅለል ራሱ ያስተካክላል፣ ቢሆንም ቆሞ ለሚጫወት ሰው ክብደቱ ቀልድ አይደለም፣ እኔ ብመርጥ መካከለኛውን ነው።

አሁን ወደ ወናፉ። አብዛኛው አኮርዲዮን የወናፉን ጉልበት የሚልከው በሲሲ 11 ነው (ሲሲ ማለት የሚዲ መቆጣጠሪያ መልእክት ነው)፣ ኤክስፕሬሽን የሚባለው፣ ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር። ስትሪንግ ወይ ኦርጋን ላይ ስታደርጉት ያምራል፣ ድምጹ አብሯችሁ ይተነፍሳል። ያንኑ ሴቲንግ ሳትነኩ ፒያኖ ምረጡና አንድ ኮርድ ይዛችሁ የወናፉን አቅጣጫ ቀይሩ፣ መዞሪያው ላይ ግፊቱ ስለሚጠፋ ቁጥሩ ወደ 0 ይወርድና ፒያኖው መሀል ላይ ቁርጥ ይላል፣ ከዛ ተመልሶ ብቅ ይላል፣ ለሚሰማው ሰው ኬብሉ የላላ ነው የሚመስለው። መፍትሄው ለፒያኖና ለጊታር አይነት ድምጽ ሲሲ 11ን ዘግቶ በቬሎሲቲ ብቻ መጫወት ነው። ስለዚህ ስትገዙ "የወናፉን መረጃ ለየቻናሉ መዝጋትና መክፈት ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ (ቻናል ማለት በአንድ ኬብል ውስጥ ለየብቻ የሚሄድ የሚዲ መስመር ነው)፣ ይሄ ጥያቄ ከመቶ ድምጽ ይበልጣል። የሲሲውን ቁጥርም መቀየር ቢቻል ጥሩ ነው፣ የሳክስፎንና የፍሉት ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ሲሲ 2ን ነው። በነገራችን ላይ አኮርዲዮኑን ከሞጁሉ ነቅላችሁ ሌላ ኪቦርድ ስትሰኩ ድምጽ እምቢ ካለ ሞጁሉ ተበላሸ አትበሉ፣ የመጨረሻው ኤክስፕሬሽን 0 ላይ ቀርቶ ነው፣ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ቻናሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ቀኝ እጅ፣ ባስ እና ኮርድ ለየብቻ ቻናል ሊኖራቸው ይገባል፣ ይሄ ከሌለው አትግዙ። ጂኤም (የድምጾችን ተራ ቁጥር የሚወስነውን የጋራ ስታንዳርድ) በሚከተል ሞጁል 10ኛው ቻናል ከበሮ ስለሆነ ባሳችሁን ወደዛ እንዳትልኩት። ሬጂስተር (የአኮርዲዮኑን ድምጽ መምረጫ) በቀየራችሁ ቁጥር አኮርዲዮኑ የፕሮግራም ለውጥ፣ ማለትም ድምጽ ቀይር የሚል ትእዛዝ፣ ሊልክ ይችላል፣ ያኔ በውጪ ያስተካከላችሁት ስትሪንግ ሳታስቡት ትራምፔት ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ይሄን የሚያግድ ሴቲንግ ፈልጉ። ጂኤም ውስጥ 22ኛው ድምጽ ራሱ አኮርዲዮን ነው፣ ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶ እሱን የሚያጫውት ሰው ካለ እንግዲህ ምን ይባላል።

ኬብል ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አኮርዲዮኑም ሞጁሉም ዩኤስቢ አላቸው ብሎ ኬብል ገዝቶ ያገናኛቸዋል፣ አይሠራም፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚጠብቁት ኮምፒውተር ነው፣ መሀል ላይ ሆስት (እንደ ኮምፒውተር ግንኙነቱን የሚመራ) የሚሆን ነገር የግድ ነው። ሞጁል ወይ ኪቦርድ በቀጥታ ለማጫወት የድሮው ባለ 5 ፒን ኬብል ነው የሚያዋጣው። አዎ ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ነው፣ አንድ ኖት ለመላክ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ወናፉ የሚያዘንበው ቁጥርም ከኖቶቹ ጋር ይጋፋል፣ ግን በአብዛኛው በጆሮ አይለይም። ትንንሾቹ ሞዴሎች ላይ ባለ 5 ፒኑ መኖሩን መጀመሪያ አረጋግጡ። ብሉቱዝ ሚዲ ለስትሪንግ ያስኬዳል፣ ፈጣን ዜማ ላይ ግን መዘግየቱ ይታወቃችኋል፣ የብሉቱዝ ሄድፎንማ ጭራሽ አታስቡት።

መቀበያው ላይ፣ ላፕቶፕ የድምጽ ጥራት ያሸንፋል፣ በፈሩን (ላፕቶፑ ድምጹን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 128 ላይ ካደረጋችሁት በ44,100 ሄርዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚጨምረው። መድረክ ላይ ግን ሞጁል ይሻለኛል፣ መሀል ላይ አፕዴት ልሥራ አይልም። ስታይል (ኮርዱን ተከትሎ የሚሄድ አውቶማቲክ አጃቢ) ያለው ኪቦርድ ለምትፈልጉ አንድ ነገር አለ። የአኮርዲዮን ኮርድ በተን 3 ኖት ብቻ ነው የሚልከው፣ የሲ ሰባት በተን ብዙ ጊዜ ሲ፣ ኢ እና ቢ ፍላት ነው፣ ጂ የለውም፣ የሲ ዲሚኒሽድ በተን ደግሞ ሲ፣ ኢ ፍላት እና ኤ ስለሆነ ኪቦርዱ ኤ ዲሚኒሽድ ነው ብሎ ያነበዋል፣ ባሱም አብሮ ይሳሳታል። ለዚህ ሲባል ያማሃና ኮርግ ኪቦርዶቻቸው ላይ ለአኮርዲዮን የተዘጋጀ የሚዲ ሴቲንግ ያስገባሉ፣ የምትገዙት ሞዴል ላይ መኖሩን ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ እዩ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሚዲ ሞኒተር አፕ የተጫነበት ስልክ ወይ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ቁልፍ ያዙና ወናፉን ቀስ ብላችሁ እየሳባችሁ ጉልበት ጨምሩ፣ ሲሲ 11 ያለ ዝላይ መውጣት አለበት፣ ከ40 ዘሎ 90 ላይ ጉብ ካለ ሴንሰሩ ደክሟል። ከዛ የባስ በተኖቹን አንድ በአንድ ንኩ፣ ሻጩ ቢሰለችም ይጠብቅ፣ ሲለቀቅ ኖቱን የማያጠፋ በተን ካለ ዋጋ የምትቀንሱት ያኔ ነው።