በረት ሲቃጠል ሕጉ ምን ይላል? በሱሉልታ ለወተት አርቢዎች የተሰጠ የግማሽ ቀን ሥልጠና ግምገማ

አንድ የአዲስ አበባ የጥብቅና ቢሮ «በከብት እርባታ ላይ የሚፈጸሙ የቃጠሎና የፍንዳታ ወንጀሎችና ቅጣታቸው» በሚል ርዕስ በሱሉልታ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። ክፍያው ሻይ ቡናንና ባለ ስፒራል መጽሔቱን ጨምሮ 800 ብር ሲሆን፣ የተካፈልነው በአብዛኛው ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከቡራዩ አካባቢ የመጣን፣ ወተት ወደ ከተማው የምናቀርብ አርቢዎች ነበርን። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሥልጠናው የተከፈለበትን ያህል አስተምሯል፤ ነገር ግን ጊዜውን በአብዛኛው ያዋለው ጥፋተኛው ስንት ዓመት ይታሰራል በሚለው ላይ ነው። አርቢው በራሱ እጅ ያለው ጉዳይ፣ ማለትም ቃጠሎው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፖሊስ መዝገብ ላይ በምን ስም እንደሚሰፍርና ማስረጃው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በጥድፊያ ታልፏል።

የሕጉ ክፍል ግን በእውነት ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ ጠበቃ የጀመሩት ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ ካለው፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ከወጣው የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት አድርገን የምናያቸውን ሁለት ነገሮች ለዩልን። የሌላ ሰው ንብረት ማበላሸት በአንቀጽ 689 የሚታይ፣ በንብረት ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች አንዱ ነው፤ በተራ መልኩ የሚያስቀጣው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ሲሆን፣ የሚያስከስሰውም ባለቤቱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ሆን ብሎ ቃጠሎ ማስነሣት ግን በአንቀጽ 494 የሚገኝ፣ የሕዝብን ደኅንነት ከሚጎዱ ወንጀሎች ጋር የተመደበ በመሆኑ፣ ሕጉ የሚጠይቀው የተቃጠለው የማን ነው ብሎ ብቻ አይደለም። በሰው ወይም በንብረት ላይ የጋራ አደጋ ለማድረስ አስቦ የገዛ ቤቱን ወይም የገዛ እህሉን ያቃጠለ ሰው እንኳ በዚሁ አንቀጽ ይጠየቃል። አንቀጹ ሕንፃን ብቻ ሳይሆን ሰብልንና የእርሻ ምርትን ጭምር ስለሚጠቅስ፣ የድርቆሽ ክምር የሕጉ ጥበቃ የለውም የሚለው በአካባቢያችን የተለመደ ወሬ መሠረት የለውም።

ይህ ልዩነት በአዳራሹ ውስጥ ሥጋ የለበሰው አንዲት በዕድሜ የገፉ አርቢ በጠየቁት ጥያቄ ነው። «የኔ ልጅ፣ ድርቆሼን ያነደደው ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ጎረቤቴ ቢሆንና አልከስም ብል፣ መንግሥት ምን አገባው?» አሏቸው። ጠበቃው ፈገግ ብለው፣ «እናቴ፣ የወተት ገንዎን ሰብሮብዎ ቢሆን ኖሮ ይቅር ማለቱ በእጅዎ ነበር፤ እሳት ሲሆን ግን ክሱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» ብለው መለሱላቸውና፣ ወዲያው «ለመሆኑ ዘበኛው የሚያድረው የት ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሴትዮዋም «ከድርቆሹ አጠገብ ባለችው ክፍል ነዋ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያወራነው ስለዚያች ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። ሰው የሚያድርበትን ቤት ማቃጠል ተራ ክምር ከማቃጠል የከበደ ተደርጎ ይታያል፤ አቃጣዩ ዘበኛው ውስጥ መኖሩን እያወቀ ቢሆን ደግሞ ጉዳዩ ወደ ግድያ ሙከራ ሊሻገር ይችላል። ሰው ከሞተበት፣ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል። በዙሪያችን ባሉ እርባታዎች ሠራተኛ ከበረቱ ወይም ከመኖ መጋዘኑ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ማደሩ የተለመደ ነውና፣ ይህንን ነጥብ በምሳሌ ማስረዳታቸው ለእኔ ከክፍያው ግማሹን ያስመለሰ ነበር።

ጽኑ እስራት በመሠረቱ ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሕጉ በግልጽ ሲያዝ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል፤ ቀላል እስራት ግን በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ የእሳት አደጋ «ንብረት ማበላሸት» ተብሎ መመዝገቡና «ቃጠሎ ማስነሣት» ተብሎ መመዝገቡ ሰማይና ምድር ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚቀርቡ ጉዳዮች ላይ ደግሞ ባለቤቱ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ ጀምሮ 3 ወር ካለፈው መብቱ ይቀራል፤ ሽምግልናው እየተጓተተ ጊዜው ያለፈበት ሰው በየሰፈሩ አለና ይህን ማስታወሳቸው ተገቢ ነበር። ጠበቃው ሽምግልናን አላጣጣሉም፤ ሽማግሌ መላኩ የፖሊስ ማመልከቻን አይተካም ብለው አለፉ እንጂ። እኔ ግን ጠንከር አድርገው ቢናገሩት እመርጥ ነበር።

ፍንዳታን በተመለከተ ትምህርቱ አጠር ያለ ቢሆንም ፍሬ ነበረው። በከተማው ዳርቻ የድንጋይ ካባ በበዛበት አካባቢ ድማሚት የሚታወቅ ነገር በመሆኑ፣ ጥያቄው ከተሰብሳቢው የመጣው ገና አሠልጣኙ ሳይደርሱበት ነው። ፈቃድ ለተሰጠው የካባ ሥራ የወጣ ፈንጂ ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ መገኘቱ ብቻውን ወንጀል ሊሆን እንደሚችል፣ ጉዳት ለማድረስ ሲውል ደግሞ እንደ ቃጠሎው ሁሉ በሕዝብ ደኅንነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሆኖ እንደሚታይ አስረዱን። ከዚህ ጋር አያይዘው በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን አዋጅ ቁጥር 1176ን አነሡ። በዚያ አዋጅ መሠረት የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ ንብረት ላይ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከ10 እስከ 18 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ሰው ከሞተ ወይም በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ከ15 ዓመት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ፣ አልፎም እስከ ሞት ይሄዳል። እዚህ ላይ ጠበቃው ያሳዩት ጥንቃቄ ያስመሰግናቸዋል። የድንበር ጠብ ወይም የግጦሽ መሬት ክርክር ያስነሣው እሳት ሁሉ ሽብር አይደለም፤ እንዲያ ብሎ ማመልከቻ መጻፍም የአመልካቹን ቃል ተአማኒነት ያሳጣዋል አሉ። የማመልከቻ ጸሐፊዎቻችን ይህንን ቢሰሙት ጥሩ ነበር።

የውጭ አገር ሕግን የሚመለከተው ክፍል አከራካሪ ነበር፤ ከአጠገቤ የተቀመጡ አርቢ «ለእኛ ምን ይረባናል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት እርሱን ነው። በአሜሪካ የእንስሳት እርባታንና የእንስሳት ምርምርን ከጥቃት ለመከላከል በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ስሙም ጭምር ወደ ሽብር ሕግነት ተለውጧል። የሚያስገርመው ቅጣቱ ከጉዳቱ ዋጋ ጋር በደረጃ መውጣቱ ነው። ሰው ካልተጎዳና ካልተሸበረ፣ ከ10,000 ዶላር ያልበለጠ ጉዳት እስከ 1 ዓመት፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት፣ ከ100,000 ዶላር በላይ እስከ 10 ዓመት፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ከዚያ ጎን ለጎን፣ በክፍለ ግዛቶች መካከል በሚደረግ ንግድ ላይ የዋለን ንብረት በእሳት ወይም በፈንጂ ያጠፋን ሰው ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቢበዛ 20 ዓመት የሚያሳስር አጠቃላይ የፌዴራል ድንጋጌ አላቸው፤ ሰው ሲጎዳ መነሻው ወደ 7 ዓመት ከፍ ይላል። በእንግሊዝ ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት በእሳት የተፈጸመ የንብረት ጥፋት ጣሪያው ዕድሜ ልክ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ጥር ወር በካሊፎርኒያ በአንድ ትልቅ የከብት ማድለቢያ 14 የጭነት መኪናዎች መቃጠላቸውንም በምሳሌነት አቀረቡ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ የእኛ ሕግ የቃጠሎን ክብደት የሚለካው በአደጋው ስፋት ሲሆን፣ ያ የአሜሪካ ሕግ ግን ከሰው ጉዳት ጎን ለጎን በጠፋው ገንዘብ መጠን ይመዝነዋል። አምስት ላም ያላት አርቢ በአሜሪካው መለኪያ ብትዳኝ ጉዳቷ ከመጀመሪያው ደረጃ ላያልፍ ይችል ነበር።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ጥፋተኛ የሚያሰኘው ማስረጃ ነው፤ የማስረጃው ክፍል ደግሞ የተሰጠው አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ሊለቀቅ ሲል ነው። አንድ ነገር ብቻ በቅርብ አሳዩን። ጠበቃው ጠረጴዛው ላይ የቀለጠ የጀሪካን ክዳን ከነጥላሸቱ አስቀምጠው፣ በአንድ በኩል ተራ ፌስታል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የብረት ክዳን ያለው የማርማላታ ብርጭቆ አኖሩ። የቤንዚን ወይም የጋዝ ትነት በተራ ፌስታል ውስጥ ስለማይቆይ፣ ናሙናው ላብራቶሪ ሳይደርስ ሽታው ጠፍቶ ማስረጃው ባዶ ይሆናል፤ አየር የማያስገባ ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ግን ይዞት ይቆያል። ቢሆንም ይህንን ማድረግ የፖሊስ ሥራ መሆኑን፣ አርቢው ቦታውን ማጠር፣ ሬሳ ከብት ከመጎተቱ በፊት ፎቶ ማንሣትና መርማሪ እስኪመጣ ድረስ አመዱን አለመጥረግ ብቻ እንደሚጠበቅበት የተናገሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያልፈነዳ ነገር ሲገኝ ፈጽሞ አለመንካት የሚለው ደግሞ መጽሔቱ ላይ ከተጻፈው በቀር በቃል አልተነሣም።

ከዚህ የሚከፋው፣ እሳት ሁሉ ሰው የለኮሰው እንዳልሆነ አለማንሣታቸው ነው። ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ በቅጡ ሳይደርቅ የተከመረ ወይም የታሰረ ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን እየጋለ ከሳምንታት በኋላ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ድርቆሽ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድም እንዲሁ። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት ሕጉ በግልጽ ካልደነገገ በስተቀር አያስቀጣም፤ ሲያስቀጣም ሆን ተብሎ ከተፈጸመው የቀለለ ነው። አርቢው ይህንን ካላወቀ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ የሰነበተ ሰው ከክምሩ ጭስ ሲወጣ ባየ ጊዜ የጎረቤቱን ስም ይዞ ወደ ጣቢያ ይሮጣል፤ ሐሰተኛ ጥቆማ ራሱ ወንጀል መሆኑም በሥልጠናው አልተነገረም። የእሳት መርማሪ ባለሙያ አንድ ሰዓት ቢሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ ይሟላ ነበር።

መጽሔቱ በንጹሕ ወረቀት የታተመ፣ አንቀጾቹ በትክክል የተጠቀሱበት ነው። ሆኖም በኋላ ሽፋኑ ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ ስልክ 939 ብቻ ነው፤ ይህ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቁጥር ሲሆን፣ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የምንኖረው ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ ነው። ተመሳሳይ ጉድለት በፍርድ ቤት ጉዳይም ታይቷል። የወንጀል ሕጉ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ቢሆንም፣ በኮልፌ ወይም በአቃቂ ያለ እርባታ ሲቃጠል ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ የሚቃጠለው የሚሄደው ወደ ኦሮሚያ ፖሊስና ፍርድ ቤቶች ነው፤ በዚያም የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። አንድ ወጣት አርቢ ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ሲያቀርብ አሠልጣኙ በአስተርጓሚ ለመመለስ ተገደዱ፤ በሱሉልታ ለሚሰጥ ሥልጠና ይህ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነበር።

ካሳን በተመለከተ፣ ተጎጂው በወንጀል ክሱ ላይ የጉዳት ኪሣራውን አብሮ መጠየቅ እንደሚችል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተደግፈው በአጭሩ ነግረውናል። ኢንሹራንስ ግን ጭራሽ አልተነሣም፤ ተራ የእሳት ውል ብዙውን ጊዜ በሁከትና በተንኮል የሚደርስ ጉዳትን ተጨማሪ አረቦን ካልተከፈለበት በቀር የማይሸፍን በመሆኑ፣ ውሉን አንብበን እንድንመጣ ቢነገረን እንኳ ይበቃን ነበር።

ለመመዝገብ በስልክ ይደወላል፤ ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ደረሰኙም ወዲያው ይሰጣል። ከሥልጠናው በኋላ ለብቻ የሚደረግ ምክክር ሌላ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚናገሩት ስትጠይቋቸው ብቻ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ዘበኛ ወይም የመኖ ሠራተኛ በግቢው የሚያሳድር አርቢ የሕጉን ክፍል መስማት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃ አያያዝን ለመማር ብቻ የሚሄድ ግን ቢሮው ፕሮግራሙን እስኪያስተካክል ድረስ ቢቆይ ይሻለዋል። ሁለተኛው ዙር በለገጣፎ እንደሚሆን ነግረውናል።