ጂአር 86 በዴንቨር ዊንተር፦ ወሳኙ ጎማው ነው፣ ወሰኗ 13 ሴንቲ ሜትር

ቶዮታ ጂአር 86 ያለው የአውሮራ ወይም የዴንቨር ነዋሪ የመጀመሪያው ስኖው ሊጥል ሲል ምክር አያጣም። አንዱ «ሸፍነህ አቁማት፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና በበረዶ አትሆንም» ይለዋል። ሌላው «ከኋላ ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫንባት» ይለዋል። የመጀመሪያው ያለልክ ይፈራል፤ ሁለተኛው ያላመማትን ያክማል። ደህና ጎማ ከታሰረላት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሥራ አድርሳ ትመልሳለች። የማትሆንባቸው ቀናት አሉ፤ ምክንያቱ ግን የኋላ ጎማ መንዳቷ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ «በረዶ» ስንል ሁሉንም እንጠቀልላለን፤ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ዱቄት የሚበነውንም፣ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት የረጋውንም። ለጎማ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ እንደ አገሩ ሰው ስኖውና አይስ ብለን እንለያቸው። ስኖው ላይ ጎማው የሚይዘው በጥርሶቹ መሐል ስኖው ጠቅጥቆ ነው፤ ስኖው ከስኖው ጋር ይጣበቃልና። አይስ ላይ ትልልቁ ጥርስ ብዙም አይረዳም። እዚያ የሚሠሩት የጎማው ልስላሴና በምላጭ የተሰነጠቁ የሚመስሉት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። አይስ ክፉኛ የሚያዳልጠው ደግሞ ብርዱ ሲበረታ ሳይሆን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ሲያቋጥር ነው። ዴንቨር የዚህ አገር ናት፤ ቀን ፀሐይዋ ታቀልጠዋለች፣ ማታ ተመልሶ ይረጋል፣ ሳይነጋ የወጣ ሰው መብራት ሥር እርጥብ አስፋልት የመሰለው ላይ ፍሬን ይይዝና ነገሩ ይገባዋል።

መኪናዋ ከ1,300 ኪሎ በታች ናት። 2.4 ሊትር ሞተሯ 228 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቱርቦ የለውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣልና ዴንቨር ላይ ስድስት አንድ ያህሉ ይቀራል። (አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ግድም ትበልጣለች፤ ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሞተር ለእኛ ብርቅ አይደለም።) በጋ ላይ ያናድዳል፣ ስኖው ላይ ግን የቀረው ጉልበት በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል።

አሁን ወደ ጎማው። ከፋብሪካ በ18 ኢንች ቸርኬ የምትመጣው ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4 ታስራለች፣ ልኩ 215/40 (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ)። በ17 የምትመጣው ፕራይመሲ ኤችፒ ነው፣ 215/45። ሁለቱም የበጋ ጎማ ናቸው። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የበጋ ጎማ ይደርቃል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ አያያዙ ይቀንሳል። ፓይለት ስፖርትን የመሰለ ጎማ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ወርዶ እያለ ከተንከባለለ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሚሼሊን ራሱ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ «ዛሬን ብቻ፣ ቀስ ብዬ» የሚባል ነገር የለም።

መግዛት ያለባችሁ ሁለተኛ ስብስብ ነው፦ አራት የዊንተር ጎማ ከነቸርኬው። ጎማውን ብቻ በየጊዜው ማስወለቅና ማስገባት የእጅ ዋጋው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከቸርኬ ይበልጣል፣ የጎማውን ጠርዝም ይጎዳል። ልኩ 205/50 በ17 ይሁን። ጠበብ ያለ ጎማ ስኖውን ሰንጥቆ ወደ ታች ይደርሳል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከ215/45 በቁመት 11 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል በእውነት የምትሄዱት 102 ግድም ነው። ሁለት የዊንተር ጎማ ከኋላ ብቻ አስሮ መንዳትን እርሱት። ትነሣለች፣ ግን አትታጠፍም፣ አትቆምም።

ለቸርኬው ርካሹ መንገድ ያገለገለ የሱባሩ ቸርኬ ነው። የጂአር 86 የቡሎን አቀማመጥ 5 በ100 (አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የመሐሉ ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያው የኢምፕሬዛና የክሮስትሬክ ልክ። ተጠንቀቁ፦ ከ2015 ወዲህ ያለው የሱባሩ ደብሊውአርኤክስ እና ከ2005 ወዲህ ያለው የሱባሩ ኤስቲአይ 5 በ114.3 ናቸው፣ አይገጥሙም፤ ሻጩ «የሱባሩ ነው» ስላለ ብቻ አትክፈሉ። ዳዶው 12 በ1.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ120 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሽ። የንፋስ መጠን ሴንሰር ካልተገጠመላቸው ቢጫው መብራት ዊንተሩን ሙሉ አይጠፋም። ንፋሱን ደግሞ ጎማው ደጅ ቀዝቅዞ ሳለ ሙሉ፤ ብርዱ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲወርድ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይቀንሳል። 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ የተሞላ ጎማ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ጠዋት 6 ፒኤስአይ ያህል ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

የትኛው ጎማ? ለዚህ ከተማ ሚሼሊን ኤክስ አይስ ስኖውን እንመርጣለን። ብሪጅስቶን ብሊዛክ ደብሊውኤስ 90 አዲስ ሳለ አይስ ላይ የሚያስመሰግን ነው፣ ነገር ግን ያ ለስላሳ ላስቲክ ያለው በላይኛው ግማሽ ግድም ነው፤ እሱ ሲያልቅ ከሥር የሚቀረው እንደ ተራ ጎማ ነው። ዴንቨር ደግሞ በየካቲት አጋማሽ 15 ዲግሪ ሙቀትና ደረቅ አስፋልት የሚገኝባት ከተማ ናት። ለስላሳ ላስቲክ እንደ ማጥፊያ ላጲስ ይበላል። ሚሼሊን ለኤክስ አይስ ስኖው 40,000 ማይል ዋስትና መስጠቱ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። የምትኖሩት ተራራው ውስጥ ከሆነ ምርጫው ይለወጣል፤ ኖኪያንን ተመልከቱ።

አነዳዱ ላይ እንምጣ። በማንዋል ካምቢዮ በሁለተኛ ማርሽ ተነሡ፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቁ፣ ነዳጁን ከ1,500 ዙር አታሳልፉት። አውቶማቲኳ ስኖው የሚባል ሞድ አላት፤ የነዳጅ መርገጫውን ያለዝበዋል፣ ተጠቀሙበት። ከኋላ ያለው ቶርሰን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ኃይሉን ለሚይዘው ጎማ ያበዛለታል። ማብዛቱ ግን ማባዛት ነው። አንደኛው ጎማ አይስ ላይ ሆኖ ምንም ካልያዘ፣ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑን አንድ ሁለት ቀጭታ ሳብ አድርጋችሁ ነዳጅ በትንሹ ስጡ፤ የሚሽከረከረው ጎማ ሲያዝ ዲፈረንሻሉ የሚያበዛው ነገር ያገኛል። ስትነሡ ወዲያው ልቀቁት። ስኖው ውስጥ ተቀርቅራችሁ ሞተሩ ታፍኖ እምቢ ካለ፣ የትራክሽን ቁልፉን (ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር ሞተሩን የሚያፍነውን) አንዴ ጫን ብሎ መልቀቅ ትራክሽኑን ብቻ ያጠፋል። ለረጅም ጊዜ ተጭኖ መያዝ ስታቢሊቲውንም፣ ማለት መኪናዋ እንዳትሾር የሚጠብቃትን፣ ይዘጋል፤ መንገድ ላይ ይህን አታድርጉ።

ሰውን የሚያሽከረክረው አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ መስጠት ሳይሆን ድንገት መልቀቅ ነው። በቁልቁለት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀንሳችሁ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ከለቀቃችሁ፣ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛቸዋል፤ እነሱ ከመንገዱ ዘግይተው ይዞራሉ፣ ጭራዋ ይወጣል። የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፍሪሲዮኑን ርገጡ፣ ዓይናችሁንም መሪውንም ወደምትሄዱበት አቅጣጫ አድርጉ። ጎማዎቹ ሲፈቱ ራሳቸው ይመለሳሉ።

ስለ አሸዋው፦ ክብደቷ ፊትና ኋላ 53 ለ47 ግድም የተከፈለ ስለሆነ ባዶ ፒክአፕ አይደለችም። ከኋላ አክስሉ ወዲያ የተጫነ 50 ኪሎ፣ ጭራዋ አንዴ ከወጣ እንደ ፔንዱለም ይወስዳታል። ነዳጁን ከግማሽ በላይ መያዝ ይበቃል።

ወሰኗ ከመሬት ያላት ከፍታ ነው፤ 13 ሴንቲ ሜትር። በአውሮራ የመንደር ውስጥ መንገዶችን በአብዛኛው የምታጸዳው ፀሐይ ናት፣ እሷም በትርፍ ጊዜዋ። መኪኖች የረገጡት ይጠቀጠቃል፣ መሐሉ ላይ ጉብታ ይቀራል፣ ማታ ያ ጉብታ ድንጋይ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሆዷ ላይ ትቀመጣለች፣ የኋላ ጎማው ምንም ቢሆን ፋይዳ የለውም። ከሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋንም በክሊፕ የተያዘ ነውና ተቀዶ ይንጠለጠላል። መጋቢት 2021 ላይ 27 ኢንች የጣለ ጊዜ ዓይነት ሲመጣ ቤት ትዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ብዙ አይደለም።

ጥቃቅን ጣጣዎቿን እወቁ። የበሯ መስታወት ፍሬም የለውም፤ እጀታውን ስትስቡ መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ይልና ነው በሩ የሚከፈተው። የመስታወቱን ማሸጊያ ላስቲክ አይስ ከያዘው መስታወቱ አይወርድም፣ በኃይል የሳበ ሰው ማሸጊያውን ይቀድደዋል። በየሦስት ሳምንቱ ማሸጊያውን በሲሊኮን ቀቡት። ኤልኢዲ መብራቷ ስለማይሞቅ ላዩ ላይ ያረፈውን ስኖው አያቀልጥም፣ በእጅ ጥረጉ። መኪና አስጥባችሁ ማታ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ጠዋት ተጣብቆ ይጠብቃችኋል፤ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ግቡ። ሀይዌይ ላይ መሪው በድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወደ ጋራዥ ከመሮጣችሁ በፊት የቸርኬውን ውስጥ እዩ። እዚያ የተጋገረ እፍኝ ስኖው ሚዛኑን ያዛባል፣ በመፋቂያ አራግፉት።

ተራራ ለሚወጡ፦ አይ 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የትራክሽን ሕግ አለ። የዊንተር ጎማችሁ ጥርስ ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ሁኔታው ሲከፋ ኮድ 16 ይታወጃል፤ ያን ጊዜ ጎማችሁ ምንም አዲስ ቢሆን ለኋላዎቹ ሰንሰለት ወይም ኦቶሶክ የሚባለው የጨርቅ ካልሲ ግዴታ ነው። ለዚህች መኪና ጨርቁ ይሻላል፤ በጠባቡ የጎማ ቤት ውስጥ ብረት የሚንጫጫበት ቦታ የለም። ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይለፍ፣ ባዶ አስፋልት ላይ ሳይበጣጠስ አውልቁት። በየሳምንቱ ቅዳሜ የአይዘንሃወርን ዋሻ፣ 3,400 ሜትር ላይ ያለውን፣ የሚያቋርጥ ሰው ግን ሌላ መኪና ይፈልግ።

ዴንቨር ሚያዝያ መጨረሻም ስኖው ይጥላልና አትቸኩሉ፤ ጠዋቱ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲረጋ አውልቁ። ስታወልቁ እያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ በጠመኔ «ኋላ ቀኝ»፣ «ፊት ግራ» ብላችሁ ጻፉ። የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፣ በሚቀጥለው ኅዳር ከፊት ይታሰራሉ።