ስምንት ወር ከመልቲሜትሬ ጋር፦ የፎር ዊሉ መብራት እንዴት እንደጠፋ

ጥቅምት ላይ መርካቶ ወርጄ በ2,400 ብር አንድ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ማለትም የቮልት፣ የኦምና የአምፔር መለኪያ ገዛሁ። ያኔውኑ ልጽፍለት አስቤ ነበር። ግን ሳልፈትነው ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት። አሁን ስምንት ወር ሞላው። በመሃል አንድ ከባድ ሥራ አብረን ሠርተናል፤ በሰፊው የማወራችሁም ስለሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ የፎር ዊሉ መብራት በራ። ጭቃው ውስጥ የፊት ጎማዎቹ ብቻቸውን ይሽከረከራሉ፤ የኋላዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ገፍተው ያወጡኝ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

የኔ መኪና እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ፎር ዊሎች በአዘቦቱ ቀን በፊት ጎማ ነው የምትሄደው። ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል ፊት ለፊት ኮፕሊንግ፣ ማለትም ጉልበቱን የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል አለ፤ ውስጡ ደግሞ ኮይል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል። ኮምፒውተሩ ለኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲልክ ኮፕሊንጉ ይይዛል፤ ጉልበቱም ወደ ኋላ ጎማ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ በበቂ ካልደረሰ ፎር ዊል የሚባል ነገር የለም።

ከስልክ ጋር የሚሠራው ርካሽ ስካነሬ፣ የመኪናዋን የብልሽት ኮድ የሚያነበው፣ ምንም አላሳየኝም። እነዚህ ርካሾቹ በአብዛኛው የሚያነቡት በፒ የሚጀምረውን የሞተር ኮድ ነው። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) እና የፎር ዊል ኮድ ግን ብዙ ጊዜ በሲ ነው የሚጀምረው። አንድ ጋራዥ ደህና ማሽን ሰክቶ ሲያነብልኝ የኮይሉ መስመር ችግር አለበት የሚል ኮድ ወጣ። ወዲያው "ኮምፒውተሩ ይቀየር" ተባልኩ። ዋጋው አስደነገጠኝ። ከዋጋው በላይ ደግሞ አልዋጥልህ ያለኝ ነገር ነበር፦ ኮዱ የሚለው መስመሩን እዩ ነው፤ ኮምፒውተሩን ቀይሩ አላለም። መልቲሜትር የገዛሁት በማግስቱ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ለካሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.5 ቮልት፣ ሲነሳ 14.2። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የኮፕሊንጉን ሶኬት ነቀልኩና ኮይሉን ራሱን ለካሁ፤ 2.5 ኦም ገደማ (ኦም ኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደሚታገድ መለኪያው ነው)። ኮይሉ ሕያው ነው። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች ከኮምፒውተሩ እስከ ኮፕሊንጉ በመልቲሜትሩ የድምፅ መፈተሻ፣ ሽቦ ካልተቆረጠ በሚጮኸው፣ ሞከርኳቸው። ሁለቱም ጢጥ አሉ። ሽቦው ደህና ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮምፒውተሩን ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያዳኑኝ የሰፈራችን አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የሠራሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ጩኸቱን ነው የሰማኸው ወይስ ቁጥሩን አየኸው?" አሉኝ።

"ጩኸቱን ነው ጋሼ።"

"እሱ ለታመመ ሽቦም ይጮኻል። ሽቦውን ሥራ አስይዘውና ያኔ ለካው።"

ቤት ገብቼ ጩኸቱን ሞከርኩት። 33 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን በታወቀ መጠን የሚያግድ ዕቃ) ስሰጠው ይጮኻል፤ 47 ሲሆን ዝም ይላል። የኔ ኮይል ደግሞ ጠቅላላው 2.5 ኦም ነው! በ12 ቮልት ወደ 5 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ሽቦው ላይ 3 ኦም ብቻ ብትጨመር ወደ 2 አምፔር ይወርዳል። መልቲሜትሩ ግን ለዚያች 3 ኦም ያለምንም ማስጠንቀቂያ ጢጥ ይላል። ይሄን ነገር ማንም አዲስ ገዢ ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና መኪናዋ ሥር ገባሁ። ሽቦውን ከሁለቱም ጫፍ ነቀልኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ አልፈለግኩም። ከፊት በፊውዝ በኩል ከባትሪው 12 ቮልት ሰጠሁት። ከኋላ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አስሬ ሌላውን ጫፍ ማሳ ላይ፣ ማለትም የመኪናው አካል ላይ አሰርኩ። የመጀመሪያው ሽቦ አምፖሉን ቦግ አደረገው። ሁለተኛው ላይ አምፖሉ እንደ ከሰል ፍም ቀላ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ሽቦው መነሻ፣ ሌላውን መድረሻው ላይ አደረግኩ፤ 4.1 ቮልት። ደህና ሽቦ ላይ ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም። ያ ሁሉ ቮልት መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

ከኋላ ወንበር ሥር የመሃል ሶኬት አለ። እስከሱ ድረስ 0.1፤ ከሱ ወዲያ 4.0። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጭቃውን በጨርቅ እየጠረግኩ ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። አንድ ቦታ ላይ አበጠ። ከኔ በፊት የነበረ ሰው ቆርጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ፕላስተሩን ስልጠው ውሃ ጠብ አለ። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ረገፈ።

ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ቆረጥኩ። አዲስ ሽቦ ቀጥዬ በየድኩት፤ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦም አለበስኩት። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ቮልቱም 0.2 ሆነ። ኮዱን አስጠፋሁ፤ መብራቱም እስከዛሬ አልተመለሰም። ሰሞኑን ዝናቡ ጀምሯል፤ ባለፈው እሑድ ሆን ብዬ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ያለማንም ግፊያ ወጣሁ።

ወደ መሣሪያው ስመለስ የማይመቹኝ ነገሮችም አሉ። ገመዱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ከፊት እስከ ኋላ ለመለካት አራት ሜትር ሽቦ ራሴ ቀጥያለሁ። መኪና ሥር ተኝታችሁ ቁጥሩን ልታነቡ ስትሉ የስክሪኑ መብራት ይጠፋል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር የሚይዝበት ቁልፍም የለውም፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ለማደን አይሆንም።

አንድ ጊዜ ደግሞ የዲናሞውን ቻርጅ 15.8 ቮልት ብሎ አስደንግጦኛል። ነገሩ የራሱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሊያልቅ ነበር፤ ስቀይርለት 14.2 አለ። የባትሪው ምልክት ከታየ የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑት።

ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ የምለው አምፔር መለኪያውን ነው። ቀዩን ገመድ ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ረስታችሁ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ከነካችሁ ሾርት ነው። የኔ ብልጭ ብሎ የውስጡ ፊውዝ ተቃጠለ። በተመሳሳይ ፊውዝ ብቻ ቀይሩ፤ በሽቦ ቁራጭ የሚተኩትን አይቻለሁ፣ እጅም መሣሪያም ያቃጥላል።

አሁን የጥቁሩ ገመድ አንገት ተሰንጥቋል። ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ፤ መልቲሜትሩን ልቀይር ሳይሆን ረጅምና መቆንጠጫ ያለው ገመድ ልገዛለት።