የሽንት ፍሰትን ለማስላት፦ ባለ 1 አቅጣጫ ቀመር ወይስ ባለ 3 አቅጣጫ ሲሙሌሽን?

ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሽንቱን የሚገፋው የግድግዳው የመኮማተር ሞገድ ነው።

ወጪ፦ ባለ 1 አቅጣጫው (ፍሰቱን በቱቦው ርዝመት ብቻ የሚያሰላው) በተራ ላፕቶፕ በሰከንዶች ያልቃል። ባለ 3 አቅጣጫው (ፍሰቱን በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ የሚያሰላው) ከግድግዳው እንቅስቃሴ ጋር ሲጣመር ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ስጋት፦ በባለ 1 አቅጣጫው ዋናው አደጋ የራዲየስ ልኬት ነው። 1.5 ሚሊ ሜትሩን 1.35 ብለው ካስገቡ፣ ቱቦው ለፍሰቱ ያለው መቋቋም ራዲየሱ ሲያንስ በ4ኛ ኃይል ስለሚያድግ የተሰላው መቋቋም 52 በመቶ ይጋነናል። በባለ 3 አቅጣጫው ደግሞ ሞገዱ ቱቦውን ሲዘጋው ሜሹ (ለስሌቱ የቱቦው ውስጥ የተከፋፈለበት የጥቃቅን ክፍሎች መረብ) ይጨፈለቅና ስሌቱ ይቆማል። ብዙዎች ጠባብ ክፍተት ትተው ያልፉታል፤ ያቺው ክፍተት ግን በእውነት የሌለ የኋልዮሽ ፍሰት ልታሳይ ትችላለች፣ ስፋቷን እየቀያየሩ መፈተሽ የግድ ነው።

ብዙ የግፊትና የሞገድ ፍጥነት አማራጮችን ለመፈተሽ ባለ 1 አቅጣጫው ይበቃል። ጠጠር ወይም ጎኑ የተበሳሳ ስቴንት (ሽንቱ እንዲያልፍ በቱቦው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ካለ ግን ፍሰቱ ስለሚጠማዘዝ ባለ 3 አቅጣጫው ይሻላል።