ስለ ውኃ ጥሜ ለጠየቁኝ ሐኪም

ጎንደር አራዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪምና ለአንዲት ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አልጽፍም። እንደኔ የተቸገረ ሰው ካለ ግን ሱቄ ድረስ ይምጣ፤ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው አምና የጥምቀት ልብስ ሥራ በተደራረበብኝ ሰሞን ነው። ደረቴን ጫን ያደርገኛል። ውጋት አይደለም፤ ሰው ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ያለ ይመስላል። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ስለምትል ነው አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። ቀጥሎ ውኃ ጥም መጣ። አንድ ጆግ ውኃ ከጎኔ አስቀምጬ ቀትር ሳይሆን እጨርሰዋለሁ፤ ሌሊት ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። ባለቤቴ ስኳር ነው ብላ አለቀሰች፤ አባቷን የቀማት እሱ ነው። ምግብ ሳልቀምስ ብለካ 92 ሆነ፤ ስኳር አይደለም። የደም ግፊቴ ግን 180 በ110።

አንድ ቦታ የጨጓራ መድኃኒት ሰጡኝ። ሌላ ቦታ ጭንቀት ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ቦታ የግፊት መድኃኒት ከሚያሸና ክኒን ጋር ታዘዘልኝ። ከዚያ በኋላ ጥሙ ባሰ፤ ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ፤ አንድ ቀሚስ ቆርጬ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አረፍ እል ጀመር። ጸበልም ጠጣሁ፣ አሁንም እጠጣለሁ። ስለ ጥሙ ባወራም ሁሉም የሚያዩት ግፊቱን ብቻ ነበር።

ሆስፒታል የሄድኩት በእህቴ ልጅ ጉትጎታ ነው። ነርሷ ከመለካቷ በፊት "ጋሼ፣ ቡና ጠጥተዋል?" አለችኝ። ጠጥቼ ነበር። ግማሽ ሰዓት አስቆየችኝ። ከዚያ ጀርባዬን አስደግፋ፣ እግሬን መሬት አስረግጣ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በሁለቱም እጄ ለካችኝ። ውጭ ያን ሁሉ ሰው ተሰልፎ! እንዲህ ተረጋግቶ የለካኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ልቤ ነው። "የደረት መጫን ተንቆ አይታለፍም፤ እሱን ሳናጣራ ወደ ሌላ አንሄድም" ብለው ያኔውኑ ኢሲጂ፣ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚስለውን ምርመራ፣ አስነሡኝ። ወረቀቱን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ ከሞገዶቹ ኋላ የምትከተል አንዲት ትንሽ ጉብታ አሳዩኝና "ጋሼ፣ ውኃ ይጠማዎታል? ሌሊትስ ስንት ጊዜ ይነሣሉ?" አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ጉብታዋ የጠቆመቻቸው የፖታሲየም ማነስን ነው። በደሜ ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን 2.6 ብቻ ነበር፤ ዝቅ ቢል ከ3.5 ማነስ የለበትም። ፖታሲየም ሲያንስ ኩላሊት ውኃን መቆጠብ ያቅተዋል፤ ሽንት ይበዛል፣ ሰው ይጠማል፣ ጡንቻም ይዝላል። የሚያሸናው ክኒን ደግሞ ያለውንም ያስወጣል። ክኒኑን አስቆሙኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን አልተዉኝም። ከሳምንታት በኋላም ፖታሲየሙ ዝቅ እንዳለ ሲያዩ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ ጀመር። ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ካመነጩ ጨው በሰውነት ይቀራል፣ ፖታሲየም በሽንት ይሄዳል፣ ግፊት ይወጣል። ፖታሲየሙ ሳይስተካከል ከተመረመረ ውጤቱ ስለሚያሳስት አስቀድመው በፖታሲየም ክኒን አስተካከሉልኝ፤ ከዚያ ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። አልዶስቴሮኑ ከፍ ብሎ፣ ከኩላሊት የሚወጣውና ዕጢዎቹን አልዶስቴሮን አመንጩ የሚላቸው ሬኒን ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ዕጢዎቹ ሳይታዘዙ በራሳቸው ያመነጩ ነበር ማለት ነው። የልብ አልትራሳውንዱም የልቤ ጡንቻ ከግፊቱ ብዛት መወፈሩን አሳየ፤ የደረቴ ጫና ከዚያ ነበር።

በሲቲ ስካን ዕጢዎቹ ላይ እባጭ ስላልታየ በክኒን ይያዛል አሉኝ፤ የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚያግድና ፖታሲየምን በሰውነት የሚያስቀር ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ነው። ወንድ ላይ ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም እንደሚችል ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ ከደረሰብኝ ራሴ ከማቋርጠው ወደ እሳቸው እንድመጣ። የፖታሲየም ክኒኑንም አስቆሙኝ፤ ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ፖታሲየም ከልክ አልፎ ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ደሜንም በየጊዜው ያስመረምሩኛል። ባለቤቴን አስገብተው በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ምን ያህል ጨው እንደሚገባበት ጠየቋት። እኛ ወጥ ላይ የምንጨምረውን ብቻ ነበር የምንቆጥረው።

አሁን ግፊቴ 126 በ80፣ ፖታሲየሜ 4.4 ነው። ደረቴ ቀለለኝ። ሌሊት ብነሣ አንዴ ነው። ለሐኪሟ የጥምቀት ቀሚስ ልስፋልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለነርሷም እንዲሁ።

ወደ እነሱ የምትሄዱ፣ የምትውጡትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሟ የኔን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አንድ በአንድ አነበቡ፤ የሚያሸናውን ክኒን ያገኙት ከሥር ነው።