ለሳያቲክ ነርቭ ሕመም ካይሮፕራክተር ወይስ ፊዚዮቴራፒ? ከመክፈልዎ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወዳጆቼ፣ ከወገባቸው ተነሥቶ በመቀመጫቸውና በባታቸው በኩል እስከ እግር ጣታቸው የሚነዝር ሕመም (ሳያቲካ) ሲይዛቸው፣ አከርካሪን በእጅ እየተጫነ የሚያስተካክል ካይሮፕራክተር ዘንድ ይሂዱ ወይስ በአካል እንቅስቃሴ የሚያክመውን ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። እኔ የምመርጠው ፊዚዮቴራፒን ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋው ነው።

ያለ ኢንሹራንስ ለሚከፍል ሰው የካይሮፕራክተር አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዶላር ሲሆን፣ የፊዚዮቴራፒው በቀላሉ 150 ዶላር ሊደርስ ስለሚችል ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስል ይሆናል። መታየት ያለበት ግን የአንድ ቀኑ ሂሳብ ሳይሆን ሕመሙ እስኪሻል ድረስ ከኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ብዙ ካይሮፕራክተሮች በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲመላለሱ ሲያዝዙ፣ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አይቶ የቀረውን በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ አድርጎ ይሰጣል።

አንድ የቅርብ ወዳጄ ገና በመጀመሪያው ቀን ራጅ ተነሥቶ «አከርካሪህ ተጣሟል» ከተባለ በኋላ፣ የ30 ቀጠሮ ጥቅል በ2,400 ዶላር ፈረመ። ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) እና ነርቭን አጥርቶ አያሳይም፤ ሳያቲካ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው የተንሸራተተ ዲስክ የነርቩን ሥር ሲጫን ነው። እንዲህ ያለው ሕመም በብዙ ሰዎች ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ጊዜ ስለሚቀል፣ የ30 ቀጠሮ ገንዘብ በቅድሚያ መክፈል ጊዜ በነፃ ለሚሠራው ሥራ መክፈል ነው። ወዳጄ ሳይሻለው ሲያቋርጥ የሄደባቸው ቀጠሮዎች በጥቅሉ ቅናሽ ሳይሆን በሙሉ ዋጋ ተሰሉበትና የተመለሰለት ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ይህም በውሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር።

ከዚያ የሄደባት ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ያደረገችው ወፍራም የኪስ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ ማስወጣትና ስለ መኪናው ወንበር አቀማመጥ መጠየቅ ነበር። ቀጥላም በሆዱ አስተኝታ፣ በክርኑ ተደግፎ ደረቱን ቀስ በቀስ እንዲያነሣ ስታደርገው፣ ባቱን ይወጋው የነበረው ሕመም ወደ መቀመጫው ተሰበሰበ። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ መሸሹ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስ እንኳ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ግን እንቅስቃሴው መቀየር አለበት። ዛሬ ያንኑ እንቅስቃሴ ቤቱ ምንጣፍ ላይ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ይሠራል።

የካይሮፕራክተር ሕክምና ፈጽሞ አይረዳም አልልም። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ከሚሞከሩት ሕክምናዎች መካከል አስገብቶታል። በእንግሊዝ ናይስ የተባለው የጤና ተቋም በ2016 ስለ ወገብ ሕመምና ሳያቲካ ያወጣው መመሪያ ግን በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ተጣምሮ ብቻ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ እንቅስቃሴ የሚያስተምርና በየቀጠሮው ብቻ የሚያስከፍል ካይሮፕራክተር ያገኘ ሰው ቢሄድ አልቃወምም። አከርካሪው በእጅ ሲስተካከል ቀጭ የሚለው ድምፅ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ጋዝ የሚመጣ እንጂ ዲስኩ ወደ ቦታው ለመመለሱ ማስረጃ አይደለም።

በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ለካይሮፕራክተር የሚከፍለው አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ነው፤ እሱ ለሚያዝዘው ራጅና ማሳጅ አይከፍልም። ወገብን በማሽን ለሚስበው ውድ አልጋም አይከፍልም። ፊዚዮቴራፒን ግን በሐኪም አስፈላጊነቱ ሲታመንበት ይሸፍናል።

ርካሽ ነው ተብሎ ፈቃድ በሌለው ሰው ወገብን ማስጠምዘዝ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የባለሙያውን ፈቃድ በየስቴቱ የፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ብልቱና መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ ሽንት አልወጣ ያለው ወይም የሚያመልጠው፣ ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው ግን ከሁለቱም ዘንድ ሳይሄድ በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።