«ሲኢ እናወጣላችኋለን» ለሚሉ አማካሪዎች ብር አትክፈሉ

ደብረ ብርሃንም፣ መንዝም፣ ሸዋ ሮቢትም ሆናችሁ ምርት ወደ ውጭ ለመላክ የምትሯሯጡ ሁሉ ይህን አንብቡ። ትናንት ከአዲስ አበባ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። ዛሬም አልበረደልኝም።

የእኛ የሴቶች ማህበር ከመንዝ በግ ጸጉርና ከአውራ ዶሮ ላባ የዓሣ ማጥመጃ ይሠራል። ትንሽ መንጠቆ ላይ ጸጉሩና ላባው በክር ይታሰርና ዝንብ ይመስላል። ኬንያ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚተዳደሩበት፣ አውሮፓ ድረስ የሚላክ ሥራ ነው። እኛም ዴንማርክ አንድ ገዢ አገኘን። ናሙናችንን ወደደውና «ወረቀታችሁን አሟሉ» አለን።

አማካሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሥልጠና ባለበት ሁሉ እየመጡ ካርድ ይበትናሉ። ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው፣ ግድግዳው በሰርተፊኬት ተሸፍኗል። ምርቱን ሳያዩ ዋጋ ይነግሯችኋል። «ሙሉ ፓኬጅ፣ ሲኢም አይኤስኦ 9001ም አንድ ላይ፣ ግማሹ ቅድሚያ» ይላሉ። ሲኢ (CE) ምርቱ የአውሮፓ ሕብረትን ሕግ ያሟላል የሚል ምልክት ነው፣ አይኤስኦ 9001 ደግሞ የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ ነው። እኛም 90,000 ብር ከፈልን። ሴቶቹ በየወሩ ያጠራቀሙት ነው። ደረሰኙ «ሲያልቅ ይሰጣል» ተባለ፣ አልተሰጠም።

ሰርተፊኬቶቹ መጡ። ወርቃማ ማህተም፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። «ሲኢ ምልክቱን ማሸጊያችሁ ላይ አትሙት» አሉን፣ አሳተምን። ለገዢው ፎቶውን ላክንለት።

መልሱ አጭር ነበር። ሲኢ አልጠየቅኩም፣ ለዚህ ምርት አይሠራም፣ ምልክቱ ያለበትን ማሸጊያ ልቀበል አልችልም፣ በሕግ ያስጠይቀኛል አለ። ሲኢ የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ለሚጠይቃቸው ምርቶች ብቻ ነው፦ ለአሻንጉሊት፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ውኃ ላይ ለሚለበስ የሕይወት አድን ጃኬት። የእኛ ማጥመጃ ከነዚያ ውስጥ የለም። እሱ የፈለገው ሌላ ነው። ላባውና ጸጉሩ ታጥቦና ታክሞ በሽታ እንደማያስተላልፍ የሚያሳይ የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት፣ ደግሞም ማጥመጃው እርሳስ የሚባለው ብረት እንደሌለበት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት። ዴንማርክ እርሳስ ያለበት የዓሣ ማጥመጃ መሸጥ ክልክል ነው። እርሳስ ውኃውንም ወፎቹንም ይመርዛል።

የገዢውን ደብዳቤ አሳትሜ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ልጅቷ «ቀጠሮ አላችሁ?» ብላ ኮሪደር ላይ አቆመችን። ገንዘብ ያዣችን በዕድሜ እናቴ ናቸው፣ ወንበር እንኳን አልቀረበላቸውም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አስገባን። ደብዳቤውን አላነበበውም። በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝና ስልኩን መነካካት ቀጠለ።

«የከፈላችሁት ለሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬት ወስዳችኋል።»

«ገዢው አይሠራም አለን እኮ» አልኩት።

«እሱ የእናንተና የገዢያችሁ ጉዳይ ነው።»

ታዲያ ምርታችንን ሳታዩ ለምን ሲኢ ሸጣችሁልን ብዬ ስጠይቀው ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «እኔ ላባ አላጠምድም። እናንተ የደብረ ብርሃን ሰዎች ብርድ ልብሳችሁን ብትሸጡ ይሻላችኋል» አለ። ልጅቷ ከበር ሆና ሳቀች። እትዬ ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔ ግን ድምፄ ከፍ አለ፣ ዘበኛ ጠሩብን። የራሳችንን ብር ልንጠይቅ ሄደን በዘበኛ ተሸኘን።

አይኤስኦ 9001 የተባለውም ያው ነው። ትክክለኛ የሥራ አመራር ሰርተፊኬት ከመሰጠቱ በፊት ኦዲተር አሠራራችሁን ይመረምራል። ላባው የሚታጠብበትን ያየ፣ መዝገባችንን የገለጠ ሰው ግን የለም። ወረቀቱ ላይ የሰጪው አካል ዕውቅና ምልክት እንኳን አልነበረም። አይኤስኦ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ራሱ ሰርተፊኬት ለማንም አይሰጥም፣ ደረጃውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ይኼን ሁሉ እነሱ ያውቃሉ። እያወቁ ነው የሸጡልን። ለዚህ ነው የማልተወው።

ያተምነው ማሸጊያ በካርቶን ተከምሮ ቤት ቁጭ ብሏል። የእሱም ወጪ የእኛው ነው።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። መጀመሪያ ገዢያችሁን የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ጠይቁት። የላባና የጸጉር ነገር ከሆነ ግብርና መሥሪያ ቤት ሂዱ። የአይኤስኦ ሰርተፊኬት እንሰጣለን የሚሉ ካሉ ዕውቅናቸውን ከኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት አረጋግጡ። አማካሪ ምርታችሁን በዓይኑ ሳያይ ዋጋ ከነገራችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

እኛ አቤቱታችንን ለንግድ ቢሮ እያዘጋጀን ነው። ባለ ወርቃማ ማህተሙ ወረቀት በእጃችሁ ካለ አሳውቁኝ፣ አብረን እናቅርበው። ግማሹን ብቻ ከፍላችሁ ከሆነ ቀሪውን አትክፈሉ።